የባላምባራስ ይርዳው ፍሪዘር

በአንዲት ቆላማ ከተማ ባላምባራስ ይርዳው የሚባሉ፣ ከገዛ ጥላቸው ጋር እንኳ እኩል መሄድ የሚከብዳቸው ሰው ነበሩ። በከተማዋ ከእርሳቸው በፊት ፍሪዘር የገዛ የለም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ክዳኑን ከፍተው፣ «እስቲ እጅህን አስገባ! ውርጭን ከደጋ አምጥቼ ቤቴ አሰርኩት» ይሉታል። መንገደኛ እንኳ ሳያይ አያልፍም።

ታዲያ ለልጃቸው ሰርግ የተቀመጠው ሥጋ መቅለጥ ጀመረ። ባላምባራስ ተቆጡ፤ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተው ወጥ ሠሪዋን ፊታቸው አቆሟት። ሴትዮዋ ምላሷ ስል ነው፤ ያን ቀን ግን ፈራች። ከዚያ ቤት ብትባረር ሌላ መጠጊያ የላትም።

ባላምባራስ ክዳኑን ብድግ አድርገው እንደያዙ፣ «ኑ፣ እዩልኝ! አንተም ና፣ ጠጋ በል!» እያሉ ለእያንዳንዱ ሰው አሳዩ። ከዚያ ወደ እርሷ ዞሩ።

«የሸጠልኝ ሰው፣ ክዳኑ ቶሎ ቶሎ ከተከፈተ ብርዱ ያመልጣል ብሎኛል። አንቺ ነሽ የምትከፍችው! በይ፣ ያለ ሥራ አልከፈትኩም ብለሽ በሚካኤል ማዪ። ካልማልሽ ከቤቴ ውጪ!»

ሴትዮዋ ክዳኑን አየች፤ እጃቸውን አየች፤ ፍርሃቷም ለቀቃት።

«እምላለሁ፣ ጌታዬ» አለች። «ብቻ የእኔ መሐላ ረዘም ይላል። እስክጨርስ የተረፈውም ሥጋ እንዳይቀልጥ፣ ብርዱን ያስመለጠው ሰው በእጁ የያዘውን ክዳን ይዝጋልን።»

ባላምባራስ እጃቸውን አዩ። ጎረቤቱ ሳቁን በነጠላው ሸፈነ። ክዳኑ ተዘጋ፤ መሐላውም ቀረ፤ የሰርጉን ወጥም የሠራችው እርሷው ናት።