የፈረስ ሌባው ጠበቃ
አሜሪካ ገና አዲስ አገር ሳለች፣ በሙግት ጥርሱን የነቀለው ጠበቃ ኦባዲያ ፔል ለአንድ የፈረስ ሌባ ጥብቅና ቆመ። «ይህ ሰው እንኳን ፈረስ ልጓም አይሰርቅም!» ብሎ ሲያለቅስ ዳኞቹም አብረውት አለቀሱና ሌባው በነጻ ተለቀቀ። ባለፈረሱ፣ መልስ የማያጣ ገበሬ፣ ባዶ ኮርቻውን ተሸክሞ በእግሩ ቤቱ ገባ።

ፔል በዚያው ዝናው ተመርጦ ምክር ቤት ገባ። ዓመት ሳይሞላ ግን ያው ሌባ የራሱን የፔልን ፈረስ ሰርቆ ተያዘ። ፔል ገበሬውን ፍርድ ቤት አስጠርቶ፣ «በል፣ ይህ ሰው ሌባ መሆኑን መስክር! እምቢ ካልክ አሳስርሃለሁ!» ብሎ አፈጠጠበት።

ገበሬው ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሳ።

«ጌታዬ፣ እኔማ ሌባ ነው ብዬ ነበር፤ አልቅሰው ያሳመኑኝ እርስዎ ነዎት። አንድ ፈረስ የከፈልኩበትን ትምህርት ዛሬ በነጻ ርሳ ይሉኛል?»