ጦጣ የጆሮ ጫፏን ያጣችበት ቀን

በድሮ ዘመን፣ ጦጣ እንደ ሰው የተንጠለጠለና የተበሳ የጆሮ ጫፍ በነበራት ጊዜ፣ ከኦሞ ወንዝ ዳር ናኮሎ የምትባል ልጅ ነበረች። ናኮሎ ወንጭፍ ወርውራ አትስትም፤ ግን ችኩል ናት። እናቷ ንጋቱኒ ታጋሽ ናት፤ ግን ባሏ ከሞተ ወዲህ ብዙ አትናገርም። ጦጣን ደግሞ ታውቋታላችሁ፤ ምላሷ ማር፣ ሆዷ ጉድጓድ።

በዚያ አገር ሴት ልጅ ጆሮዋን ትበሳለች። መጀመሪያ ስንጥር ታስገባበታለች፤ ቀዳዳው ሲሰፋ ክብ የእንጨት ጉትቻ፤ እሱም ሲሰፋ ሌላ ትልቅ ጉትቻ።

የናኮሎ አባት ጉትቻ ጠራቢ ነበር። ታሞ በተኛበት ለልጁ ሰባት ጥንድ ጠርቦ በቆዳ ከረጢት አኖረላት። የመጀመሪያው ጥንድ የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል። ሰባተኛው መዳፍ ያህላል።

«ልጄ፣» አላት፣ «ከወንዝ ልትጠጪ ጎንበስ ስትዪ ጉትቻው በራሱ ከወደቀ፣ ያኔ ቀጣዩን አድርጊ። ካልወደቀ ጆሮሽ አልደረሰም። ሰባተኛው የገባ ቀን ሙሉ ሴት ሆንሽ ማለት ነው።»

ይህን ብሎ በሳምንቱ ሞተ።

ንጋቱኒ በቀብሩ ቀን የራሷን ጉትቻ አወለቀች። የአገሩ ልማድ ነው፤ ባሏ የሞተባት ሴት አታጌጥም። ጆሮዋ ባዶውን፣ እንደ ተፈታ ጠፍር ተንጠለጠለ።

ያን ዓመት ጎተራቸው ባዶ ነበር። ያላቸው አንድ የማሽላ ማሳ ብቻ። ማሽላው ከተበላ የሚበሉት የላቸውም። ስለዚህ ናኮሎ ከማለዳ እስከ ማታ ማማ ላይ ቆማ በወንጭፍ ትጠብቃለች። እናቷም በየማለዳው ጉትቻዋን ታወልቅላታለች፣ ጆሮዋን በለብታ ውሃ ታጥባለች፣ ቅቤ ትቀባለች። ታወልቃለች፣ ታጥባለች፣ ትቀባለች። በቀትርም «አውልቂና ጆሮሽን አሳርፊው» ትላታለች። ናኮሎ ያኔ ሦስተኛው ጥንድ ላይ ነበረች።

ጦጣ ከግራሩ ላይ ሆና ማሽላውን አየች፤ ወንጭፉንም አየች። «ይህችን ልጅ በጉልበት አልችላትም፤» አለች። «በጆሮዋ እገባለሁ።»

በመጀመሪያው ቀን መጣች።

«ናኮሎ፣ ናኮሎ፣ ቆንጂት! በቀትር ጉትቻሽን ለምን ታወልቂያለሽ?»

«ጆሮዬ እንዲያርፍ ነዋ፣ እመት ጦጣ።»

«ያረፈ ጆሮ ይጠባል! አታውልቂው። መታጠብም ቅሪ፤ ውሃ ያጠብቀዋል።»

ናኮሎ አላወለቀችም። ለእናቷም «እማ፣ እኔው ራሴ ታጥቤያለሁ» አለቻት። ጆሮዋ ቀላ፤ ማሳከክ ጀመረ። ወንጭፉን ስታዞር ጠፍሩ ጆሮዋን ይነካታል፤ ስለዚህ ቀስ አድርጋ አዞረች። ድንጋዩም ሳተ። ያን ቀን ጦጣ አንድ ትልም ማሽላ በላች።

በሁለተኛው ቀን መጣች።

«ናኮሎ፣ ናኮሎ፣ ቆንጂት! እኩዮችሽ አራተኛውን አድርገዋል። አንቺ ለምን አምስተኛውን አታደርጊም?»

«የኔ ገና አልወደቀም፣ እመት ጦጣ።»

«እስኪወድቅ የሚጠብቅ ሰነፍ ነው!»

ናኮሎ አራተኛውን ዘላ አምስተኛውን ገፋች፣ ገፋች፣ ገፋች፤ ገባ። ዓይኗ በዕንባ ሞላ። ከእናቷ ለመደበቅም ራሷን በቆዳ ሸፈነች። ወንጭፉን ልታዞር ብትነሳ አንገቷ እምቢ አላት። ያን ቀን ጦጣ ከነልጆቿ ሦስት ትልም በላች።

ማታ ንጋቱኒ ማሳውን ዞራ አየችና «ናኮሎ፣ ማሽላው ምን ነካው?» አለች።

«ወፍ ነው፣ እማ።»

እናቲቱ መሬቱን አየች። የወፍ ዱካ አልነበረም። ጎንበስ ብላ የወደቀውን ዘለላ ለቀመች።

በሦስተኛው ቀን ጦጣ መጣች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ናኮሎ፣ አባትሽ ይናፍቅሻል?»

ልጅቱ በወገቧ ያለውን ከረጢት ዳበሰች።

«ሙታን ልጆቻቸውን የሚለዩት በእጃቸው ሥራ ነው። ሰባተኛውን ካላደረግሽ፣ ከዚያ ሁሉ ልጅ መካከል በምን ይለይሽ?»

ወይኔ ልጆቼ! ሌላውን ሁሉ ትችለው ነበር፤ ይህን ግን አልቻለችም። ከረጢቱን ፈታች። ሰባተኛውን አወጣች። ቀኝ ጆሮዋ ላይ ገፋች፤ ገባ። ግራው ላይ ገፋች፤ የሆነ ነገር ጠሽ አለ። ደም በትከሻዋ ወረደ። ናኮሎ ሁለት እጆቿን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ማማው ላይ ተጠቀለለች። ወንጭፉ ከእጇ ወደቀ።

ጦጣም «ኑ!» ብላ ዘመዶቿን ጠራች።

ንጋቱኒ ጫጫታውን ሰምታ ከወንዝ ሮጣ መጣች። ጦጦቹን በእንጨት አባረረች፤ ከማሳው እኩሌታው ብቻ ቀርቷል። ማማው ላይ ወጣችና ከልጇ ራስ ላይ ቆዳውን ገለጠች። የግራ ጆሮዋ ሥጋ ተበጥሶ፣ ጉትቻውን የያዘው እንደ ክር የቀጠነ ቁራጭ ብቻ ነው።

«አትንኪኝ!» አለች ናኮሎ። «ካወለቅሽው አባቴ አያውቀኝም!»

እናቲቱ አልተቆጣችም። አጠገቧ ተቀመጠች።

«አባትሽ ሲጠርብ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«ሰባተኛው ብቻ ቢበቃሽ፣ በዚያ እጁ ሌላ ስድስት ጥንድ ለምን ጠረበ?»

ናኮሎ በከረጢቱ የቀሩትን ጥንዶች አየች።

«ሰባቱንም እስክታደርጊ ብዙ ዓመት አብሮሽ ሊቆይ ፈልጎ ነው። አንቺ ግን በሦስት ቀን ጨረስሽው።»

ያኔ ልጅቱ እጇን ከጆሮዋ አወረደች።

ንጋቱኒ ለብ ያለ የጨው ውሃ አመጣች። ደሙ እንጨቱን ከሥጋው ጋር አጣብቆታል። ብትስበው ክሩ ይበጠሳል፤ ብትተወው ጆሮው ይበሰብሳል። ጠብ አደረገች፤ ጠበቀች። ጠብ አደረገች፤ ጠበቀች። ጥላ ከማማው ሥር ወጥቶ ማሳውን እስኪሻገር ድረስ እንዲሁ አደረገች። በመጨረሻ ጉትቻው በራሱ እጇ ላይ ወደቀ። ክሩ አልተበጠሰም። የቀኙንም እንዲሁ አወለቀችላት።

«እንደ ድሮው ይሆናል፣ እማ?»

«ቁስሉ ይሽራል፤ ጠባሳው ይቀራል። ቀዳዳውም ይጠባል እንጂ አይደፈንም።» የራሷን ባዶ ጆሮ አስዳሰሰቻት። «ይኸው፤ እንጨቱ ወጥቷል፤ ቦታው አለ። አንዴ የሰፋ አይመለስም። ለዚህ ነው ቀስ የሚባለው።»

በማግስቱ ጦጣ የቀረውን ልትበላ መጣች። ናኮሎ ወንጭፏን ከሥሯ ደብቃ፣ ሰባተኛውን ጥንድ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«እመት ጦጣ፣ እነዚህ ለኔ ከበዱኝ። እናቴም ‹የሚያምሩት ለጦጣ ነበር፤ ግን ጦጣ ፈሪ ናት› አለች።»

«እኔ? እኔ ፈሪ? አምጪ!»

ጦጣ አንዱን ገፋች፣ ገፋች፤ ገባ። ሌላውንም ገፋች፣ ገፋች፤ ገባ።

«ያማል እንዴ?» አለች ናኮሎ።

«ኧረ ምንም!»

«ታዲያ ጉንጭሽ ለምን ረጠበ?»

«ጤዛ ነው።»

«በቀትር ጤዛ?»

ይህን ብላ ብድግ አለች። ወንጭፉን ዝቅ አድርጋ፣ ከጆሮዋ አርቃ በወገቧ አጠገብ አዞረችው። ድንጋዩ ጦጣን ከጀርባዋ ላይ አገኛት። ጦጣ ጮኻ ወደ ግራሩ ሮጠች፤ በእሾሁ መካከል ገባች። እሷ አለፈች፤ ጉትቻዎቹ ግን በቅርንጫፎቹ ተያዙ። ሳበች፣ ሳበች፣ ሳበች፤ እሷ ወደዚያ፣ የጆሮ ጫፎቿ ወደዚህ።

ሂዱና እዩ፤ እስከ ዛሬ ጦጣ የጆሮ ጫፍ የላትም። ከሰው ጋርም ስለ ጌጥ አታወራም።

ንጋቱኒ ጉትቻዎቹን ከግራሩ አወረደች፤ አጠበች፣ ቅቤ ቀባች፣ ወደ ከረጢቱ መለሰች። የቀረውን ማሽላ አጨዱ፤ ክረምቱን በቁጠባ ተሻገሩ። ናኮሎ ቁስሏ ሲሽር ከሁለተኛው ጥንድ እንደገና ጀመረች። ሁለተኛው፣ ቀጥሎም ሦስተኛው ወንዝ ውስጥ ወደቀ፤ ከብዙ ወራት በኋላ አራተኛው ወደቀ፤ እንዲህ እያለ ዓመታት ሄዱ። የግራው ጆሮዋ ከስድስተኛው ወዲያ እንደማይችል ራሷ ዳስሳ አወቀች፤ አላስገደደችውም። ሰባተኛውን በቀኝ ጆሮዋ ብቻ አደረገች። ያን ቀን ንጋቱኒ ከባሏ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ብዙ አወራች፤ ያወራችውም ሁሉ ስለ እሱ ነበር።

እና ልጆቼ፣ ሥጋ በቀን ብዛት ይሰፋል፤ በችኮላ ይቀደዳል። የሚያቻኩላችሁን ሰው ደግሞ፣ ዓይኑ የማን ማሳ ላይ እንዳለ እዩ።

ተረቴን ከአፌ አውርጄ ጆሯችሁ ላይ አንጠለጠልኩት፤ ከከበዳችሁ አሳርፉት፣ እንዳትጥሉት ግን።