የጫኔ ቀፎዎችና የሐይቁ መንገድ

አንድ ጊዜ ጫኔ የሚባል አህያ ነበር። ከደጋው ተነሥቶ ወደ ቆላው በሚወርደው አውራ ጎዳና ላይ ዕድሜውን ሙሉ ጭነት ሲያመላልስ ኖሯል። ጭነቱ የሚራገፈው ከትልቁ ሐይቅ የሁለት ቀን መንገድ ሲቀር ነው። ስለዚህ ስለ ሐይቁ ሲወራ ይሰማል እንጂ አንድም ቀን አይቶት አያውቅም። ያራግፋል፣ ሌላ ይጫንበታል፣ ተመልሶ ዳገቱን ይወጣል።

ደመወዙ ገብስ ነበር። ሌሎቹ አህዮች የተሰጣቸውን እዚያው ቆመው ሙልጭ አድርገው ይበላሉ። ጫኔ ግን ግማሹን ይበላና ግማሹን ለግንደ ቆርቁር ይሰጠዋል። ግንደ ቆርቁርም በጠንካራ መንቁሩ ግንድ ሰርስሮ ቀፎ ይሠራለታል። ጫኔ ቀፎውን በመንገዱ አካባቢ ለሚኖር ታማኝ አውሬ ይሰጥና «ስቀለው፤ ንብ ሲገባበት ጠብቀው፤ ማሩን እኩል እንካፈላለን» ይለዋል። ዘንድሮ አንድ፣ ከርሞ አንድ እያለ ከላይ እስከ ታች ቀፎ አሰቀለ።

ጓደኞቹ ሳቁበት። «ገብሱን ለዛፍ የሚያበላ አህያ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» ይባባላሉ።

ዓመታት አለፉ። የጫኔ ጉልበት ዛለ፤ ጭነቱንም ተወ። ድርሻው ግን አበባ በፈካ ቁጥር ይመጣለት ጀመር። ማሩን በገብስና በለምለም ሣር እየለወጠ ደልቶት ኖረ። ፀጉሩ ሳይቀር አማረበት።

አንድ ማለዳ ከደጁ ቆሞ ቁልቁል መንገዱን ሲመለከት ድንገት ልቡ ተነሣ።

«ሐይቁን ሳላየውማ አልሞትም!» አለ ጮክ ብሎ። «ቀፎዎቼ እንደሆኑ በመንገዴ ላይ ናቸው። በደረስኩበት ድርሻዬን እየበላሁ፣ በወደድኩት ቦታ እያረፍኩ፣ ቀስ እያልኩ እወርዳለሁ።»

አያ ጅቦ ከቁጥቋጦ ኋላ ተጋድሞ ኖሮ ይህን ሰማ። ብድግ ብሎ ወጣ።

«አንተ ጫኔ፣ ሳትሠራ ትበላለህ የሚሉት እውነት ነው?»

«ሠርቼ ያስቀመጥኩትን ነው የምበላው» አለ ጫኔ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ እያለ።

«እንዴት ነው የሚቀመጠው? እኔ ያገኘሁትን እበላለሁ፤ ከዚያ አለቀ።»

ጫኔ የገብሱንም፣ የቀፎውንም፣ የእኩሌታውንም ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስረዳው። አያ ጅቦ አፉን ከፍቶ ሲያዳምጥ ቆየና «ስንት ጊዜ ይፈጃል?» ሲል ጠየቀ።

«የመጀመሪያው ቀፎ ማር የሰጠኝ በሦስተኛው ዓመት ነው።»

«ሦስት ዓመት!» አያ ጅቦ ሆዱን ይዞ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። «እኔ እስከ ምሳም አልችል!»

እትዬ ቀበሮ በዚያ ስታልፍ ነበር። ሰሞኑን አያ ጅቦ ገደል የገባ በሬ አግኝቶ ጉድጓዱን በአጥንት እንደሞላ ታውቃለች። ጅራቷን አስተካክላ እጅ ነሣች።

«ጌታዬ፣ እርስዎን የመሰለ ትልቅ አውሬ ሦስት ዓመት ይጠብቃል እንዴ? ያንን አጥንት ለእኔ ይስጡኝ። እኔ በዘመዶቼ እጅ አሠራዋለሁ። እርስዎ ከጫኔ ጋር እየተዝናኑ ይውረዱ፤ ባረፉበት ቦታ ሁሉ አንዱ አጥንት ሁለት ሆኖ ይደርስዎታል።»

«ሁለት?»

«ሁለት።»

«ቅልጥሙም?»

«ቅልጥሙማ ሦስት ነው የሚሆነው።»

ጫኔ «አያ ጅቦ፣ ዘመዶቿ አጥንቱን ምን አድርገው ነው ሁለት የሚያደርጉት? ጠይቃት እንጂ» አለው። አያ ጅቦ ግን ሦስት ቅልጥም በዓይኑ ላይ እየሄደበት ስለነበር አልሰማውም። እትዬ ቀበሮ ከግልገሎቿ ጋር ሆና ጉድጓዱን እስከ ወለሉ ጠረገችው።

እንዲህ ሆኖ አያ ጅቦ የጫኔ የመንገድ ጓደኛ ሆነ። ጫኔ መጀመሪያ ፈርቶ ነበር። ነገር ግን በአውራ ጎዳናው ላይ ማንም ማንንም እንዳይበላ አያ አንበሶ አዋጅ አውጥቷል፤ አዋጁን ደፍሮ የተረፈ አውሬ የለም። ደግሞም ጫኔ በጭነት ዘመኑ ከኋላው «ሂድ! ቶሎ በል!» ከሚለው ድምፅ በቀር የሚያጫውተው አላገኘም ነበር። ከጎኑ እየሄደ የሚያወራ ጓደኛ፣ ጅብም ቢሆን፣ ደስ አለው።

ቀስ እያሉ ወረዱ። ጫኔ ሺህ ጊዜ የተመላለሰበትን መንገድ እንደ አዲስ አየው። ኮረብታው ላይ ሦስት ፏፏቴ እንዳለ አላወቀም ነበር፤ ቆሞ ቆጠራቸው። የግራር ጥላ ሲያገኝ ይተኛል፤ ሲነቃ ይሄዳል። አያ ጅቦም «እዚህ ቦታ አጥንት ይደርሰኛል ብላኛለች» እያለ መንገዱን ወደ ላይ ይመለከታል።

በሦስተኛው ቀን አቶ ጃርት ቤት ደረሱ። የመጀመሪያውን ቀፎ የተቀበለው እሱ ነበር። ጫኔን ሲያይ እሾሁን አጣጥፎ ሮጠ።

«ጫኔ! ያለ ጭነት ስትመጣ አላወቅሁህም እኮ! ያ ሁሉ ከረጢት ከላይህ ሲወርድ ለካ ሸንቃጣ ነህ!»

ማር በትልቅ ቅጠል ላይ ቀረበ። ጫኔ በላ፣ ስንቁንም ያዘ። አያ ጅቦ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ነገር ዓለሙ ጠፋበት።

«አልመጣም» አለ። «ምናልባት ዘመዶቿ ቅልጥሙን ሦስት ለማድረግ ጊዜ ወስዶባቸው ይሆናል።»

ጫኔ አዘነለትና ከማሩ ቆርሶ ሰጠው። አያ ጅቦ ቅጠሉንም አብሮ ዋጠው።

በሁለተኛውም ማረፊያ እንደዚሁ ሆነ፤ በሦስተኛውም። አጥንት የሚባል ነገር አልመጣም። ማር ለጅብ ሆድ ምን ይሆናል? አያ ጅቦ እየከሳ፣ ዓይኑም እየሾለ፣ የጫኔን ወፍራም ታፋ ከኋላ እያየ ይከተል ጀመር።

የመጨረሻው ቀፎ ያለው እመት ኤሊ ዘንድ ነበር። እመት ኤሊ የምትኖረው ከአውራ ጎዳናው ወጣ ብሎ፣ ሸለቆ ውስጥ ነው። ጫኔ ከመንገዱ ሲወጣ አዋጁ እዚያ እንደማይሠራ ትዝ አለው፤ ቢሆንም ገባ።

ሸለቆው ደርቆ ነበር። ድሮ የሚያውቀው ምንጭ ድንጋይ ብቻ ቀርቶታል። እመት ኤሊን ያገኛት ትንሽ ቅል በጀርባዋ አስራ ዳገቱን ስትወጣ ነው። አንድ እግር ታነሣለች፣ ትተነፍሳለች፣ ሌላውን ታነሣለች።

«ጋሼ ጫኔ! እንኳን ደህና መጡ» አለች፣ ቅሉ እንዳይደፋባት አንገቷን ብቻ እየነቀነቀች። «ይግቡ፣ ይግቡ። ድርሻዎ ተቀምጧል።»

እውነትም ተቀምጦ ነበር። እስከ አፉ የሞላ ማድጋ፣ በቅጠል ተከድኖ። ከማድጋው አጠገብ ሦስት ትናንሽ ኤሊዎች ተደርድረው ክዳኑን ያያሉ። አንዳቸውም አልነኩትም።

«የእናንተስ ድርሻ የታለ?» አለ ጫኔ።

እመት ኤሊ ወደ መሬት አየች። «ዘንድሮ ማሩ ጥቂት ነው። የእርስዎን ካወጣሁ በኋላ ለእኛ ብዙም አልተረፈም። ምንጩ ሲደርቅ ንቦቹ ሊኮበልሉ ተነሥተው ነበር። ከታችኛው ወንዝ ውኃ እየቀዳሁ ገንዳ ላይ ባላስቀምጥላቸው ኖሮ ይህን ጊዜ ቀፎው ባዶ ነበር። ጧት ወርጄ ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ። ዝናቡ እስኪመጣ ነው፤ አይቀርም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ክረምቱ ሳይዘንብ ቀርቶ፣ ከመስቀል ማግሥት ጀምሮ።»

ጫኔ ድርሻው ደጋ ላይ ሲመጣለት እንዴት እንደሚመጣ አስቦ አያውቅም ነበር። አበባ ይፈካል፣ ንብ ይሠራል፣ ማር ይመጣል፤ በቃ። አሁን የእመት ኤሊን ጀርባ አየ። የቅሉ ገመድ ቅርፊቷን ፍቆ መስመር አውጥቶባታል። እንዲህ ያለ መስመር በራሱ ጀርባ ላይ ያውቀዋል።

አያ ጅቦ ጆሮው ሥር ገብቶ ሹክ አለው። «ምን ትጠብቃለህ? የአንተ ነው፤ ተስማምታችኋል። ማድጋውን ያዝና እንሂድ። ሐይቁ የሁለት ቀን መንገድ ነው።»

እውነቱን ነው፤ ስምምነቱ እንደዚያ ነበር። ሐይቁም ቅርብ ነበር። ጫኔ ወደ ቆላው አቅጣጫ ዞሮ አየ፤ ነፋሱ የውኃ ሽታ ያመጣለት መሰለው። ጉልበቱም ያመዋል።  ቢሆንም ወደ ትናንሾቹ ኤሊዎች ሄዶ ክዳኑን በአፉ አነሣላቸው።

«ብሉ፣ ልጆች» አለ። «እመት ኤሊ፣ ትልልቅ ቅል ካለሽ አምጪልኝ። አራት ይበቃኛል።»

«ጋሼ ጫኔ፣ እርስዎ እኮ አርፈዋል!»

«አርፌያለሁ። ስለዚህ ጉልበት አለኝ። አምጪ።»

እመት ኤሊ አራት ቅሎች አምጥታ ጫነችበት። ጫኔ ወንዙ ወርዶ ሞልቶ ተመለሰ። እሷ ቀን ሙሉ የምትለፋበትን እሱ አራት እጥፍ አድርጎ ፀሐዩ ሳይከርር ጨረሰው። ገንዳው ሞላ። የተጠሙት ንቦች ገንዳው ላይ ብቻ አልቆሙም፤ ከቅሎቹ አፍ ሳይቀር እየጠጡ ጀርባው ላይ ሰፈሩ። በነጋታውም ወረደ፤ በሠልስቱም። ንቦቹ ሽታውን ለምደውት ገና ከሩቅ ይቀበሉት ጀመር።

አያ ጅቦ ግን አላስቻለውም። በአራተኛው ቀን ጫኔ ሲወጣ መንገዱ ላይ ቆሞ ጠበቀው።

«ጫኔ፣ አንተ ብትሞት ቀፎዎቹ ለማን ይሆናሉ?»

ጫኔ ቆመ። ነገሩ ገባው። ዓይኑን ከአያ ጅቦ ላይ አልነቀለም።

«ለጠባቂዎቹ።»

«ለጓደኛህ አይሆኑም?»

«አይሆኑም።»

አያ ጅቦ ትንሽ አሰበ። ማሰብ ሁልጊዜ ያስርበዋል። «እንግዲያው ሥጋውን እወስዳለሁ» አለና ዘለለ።

ጥፍሩ ጫኔ ላይ ከመድረሱ በፊት ቅል ላይ አረፈ። ቅሉ ተሰበረ፤ ሲጠጡ የነበሩት ንቦች እንደ ጭስ ተነሡ። ቀፎው ውስጥ የነበሩትም ጩኸቱን ሰምተው ወጡ። አያ ጅቦ አፍንጫውን ተነደፈ፣ ከንፈሩን ተነደፈ፣ ጆሮውን ተነደፈ። እየጮኸ ሸለቆውን ወርዶ ወንዙ ጭቃ ውስጥ እስከ አፍንጫው ተቀበረ።

ከዚያ በሦስተኛው ቀን ፊቱ ድስት አክሎ፣ እያነከሰ መጣና በር ላይ ቆመ።

«ጫኔ፣ ማር ተርፏል?»

«አንተ! ልትበላኝ አልነበረም?»

«ነበር። ርቦኝ ነበር። አሁንም ርቦኛል።»

ጫኔ ሊቆጣ አስቦ ነበር። ግን ያን ያበጠ ፊት ሲያይ ሳቁ አመለጠው፤ ትናንሾቹ ኤሊዎችም አብረው ሳቁ።

«ውኃ የሚቀዳ ማር ይበላል» አለችው እመት ኤሊ ኮስተር ብላ። «ንቦቹ እንደሆኑ አሁን ያውቁሃል፤ እንግዲህ አንተው ታስብበታለህ።»

አያ ጅቦ ቅል ተሸከመ። በዕድሜው የመጀመሪያ ሥራው ነበር። ግማሹን ውኃ መንገድ ላይ ይጠጣዋል፤ የቀረውን እያፈሰሰ ያመጣዋል። ያም ሆኖ አመጣ፤ አንድም ቀን አልቀረም። «ቀበሮም አጥንቱን የምታመጣው ወደዚህ ነው» ይላል፤ ማንም ተሳስተሃል አላለውም፤ አሳዘናቸው።

ዝናቡ ጫኔ ሸለቆው በገባ በአሥራ ስድስተኛው ቀን መጣ። ምንጩ ፈለቀ፤ ንቦቹም ሳይኮበልሉ ቀሩ። ጫኔ እመት ኤሊን ጠርቶ ስምምነቱን ለወጠ።

«ከእንግዲህ በክፉ ዘመን መጀመሪያ የጠባቂው ቤት ይጠግባል። የተረፈ ካለ ይደርሰኛል፤ ከሌለም መልእክት ላኪብኝ፤ እመጣለሁ። ለአቶ ጃርትም፣ ለሌሎቹም ይህንኑ እነግራለሁ።»

እመት ኤሊ አንገቷን ወደ ቅርፊቷ አስገባች። ስታለቅስ መታየት አትወድም።

ጫኔ በማግሥቱ አያ ጅቦን አጥንቱን ሲጠብቅ እዚያው ትቶት ተነሣና በሁለተኛው ቀን ሐይቁ ዳር ደረሰ። ውኃው ሰፊ ነበር፤ ማዶው አይታይም። አሸዋው ላይ ተንከባለለ፤ እግሮቹን ወደ ሰማይ ሰቅሎ እንደ ውርንጭላ አናፋ። ሣርና ወፍ የሞላበት ዳርቻ ላይ አንዲት የሜዳ አህያ ቆማ ስትስቅበት ቆይታ ቀረበችው።

«የሩቅ አገር እንግዳ ነህ አይደል? ሥራህ ምንድን ነው?»

ጫኔ አሸዋውን ከጆሮው አራገፈና ትንሽ አሰበ።

«ጃርት የሚባል ወዳጅ ቀፎ ይጠብቅልኛል። ኤሊ የምትባል እኅት ውኃ ትሸከምልኛለች። ንቦች ይሠሩልኛል» አላት። «እኔ ደግሞ እየዞርኩ ደህንነታቸውን እጠይቃለሁ።»

ከዚህ የምንማረው፣ እኛ አርፈን ሳለን ቤታችን የሚገባው እንጀራ አንድ ቦታ የአንድ ሰው ጀርባ ተሸክሞት የመጣ መሆኑን፣ ያንን ጀርባ ፈልጎ የሚያግዝም ሀብቱንም ወዳጁንም እንደሚያቆይ ነው።