ሁለቱንም የመታው ብልጭታ

አንድ ሰው በቋቱ ጠርዝ ላይ የቀረውን ዱቄት በመዳፉ እየጠረገ ወደ ውስጥ ይመልሳል። ወፍጮ ቤት ያለው ሰው ነው። ሞተሩ ይዞራል፣ መዘውሩን የሚያዞረው ቺንጋ ይሮጣል፣ ሴቶቹ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ሰውየው ከፍ ባለች የሳንቃ መቆሚያ ላይ በላስቲክ ቦቲው ቆሞ፣ ቀና ሳይል እጁን ይዘረጋል። ባለተራዋ እህሏን ታቀብለዋለች።

በጣቱና በጣቷ መካከል ጣ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሰማያዊ ነገር ብልጭ አለ።

ሰውየው ክንዱን ይዞ ወደ ኋላ ተንገዳገደ። እህሉ መሬት ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ምን ያለ ይመስላችኋል?

«መታችኝ» አለ።

ሰውየው ልየው ይባላል። ሴቲቱ አንጓች ትባላለች፤ ሸክላ ሠሪ ናት። የሸክላ አፈር ከምትቆፍርበት ከወንዙ ዳር በቀጥታ ስለመጣች ጫማ አላደረገችም፤ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ እርጥብ ጭቃ ነው። ልጇ ወልዳ ቤት ተኝታለች። የፈሰሰው ገብስ ለአራሷ ገንፎ የሚሆን ነበር።

አንጓችም እጇን በሌላው እጇ ጨብጣ ነበር። «እኔንም መታኝ» አለች።

ማን ሰማት?

ሸክላ ሠሪ በየአገሩ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። በዓይኗ ሰው ትበላለች ይባላል። ከተሰላፊዎቹ አንዷ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ፣ አንጓች በሬያችንን ሲያምር ካለች ወዲህ በሬው ከተኛበት አልተነሳም አለች። ሌላዋ ቀበል አድርጋ፣ «እንግዲያው ባሌን ይዤላት ልምጣ» አለች። ሰልፉ ሳቀ።

ወገኖቼ፣ ሳቁ። ሴቲቱ መሬት ላይ ተንበርክካ ገብሱን ከአቧራው ትለቅማለች፤ እነሱ ይስቃሉ።

በሳምንቱ እንደገና መጣች። ሌላ ወፍጮ በአካባቢው የለማ። ያን ዕለትም ከወንዙ ነበር የመጣችው። እህሏን ስታቀብል ብልጭታው ተመለሰ፤ ከፊተኛው ባሰ። ከእንግዲህ የሚጠራጠር ሰው አልነበረም። ልየው አልጮኸባትም። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሁለተኛ እዚህ ደጅ እንዳላይሽ» አላት። ጩኸት ይሻል ነበር እላለሁ።

አንጓች ቤቷ ሄዳ፣ ለብዙ ዘመን ጥግ ተጥሎ የኖረውን የድንጋይ ወፍጮ አነሳች። ገብሱን በእጇ መፍጨት ጀመረች። ሸክላ የምታበጅበት መዳፏ ውሃ ቋጠረ፣ ቀጥሎም ተላጠ። በተላጠ መዳፍ ጭቃ ማቡካት አይቻልም፤ ሸክላው ቆመ። አራሷ ገንፎ ትጠብቃለች፣ ሕፃኑ ጡት ይጠብቃል፣ ከድንጋዩ የሚወርደው ዱቄት ግን እፍኝ አይሞላም።

አሁን የምነግራችሁን ስሰማ ደነገጥሁ። ከዚያ ሰልፍ መካከል የልየው እጅ ሲነካቸው ቆንጠጥ ያደረጋቸው ሌሎች ነበሩ። የላስቲክ ጫማ ስላደረጉ መርፌ የነካቸው ያህል ነው የተሰማቸው። ግን ተሰምቷቸዋል። ታዲያ ለምን ዝም አሉ? ቢናገሩ ቀጥሎ የቡዳነት ስም የሚለጠፈው በእነሱ ላይ ነዋ።

ልየው የሆነውን ሁሉ ነግሮ፣ ወፍጮዬ ዓይን ገብቶበታል ብሎ መምሬ ይኄይስን ጠበል እንዲረጩለት ለመናቸው። እሳቸውም መጡ። ጸሎት ነውና ጫማቸውን ከደጁ አወለቁ። ልየው ሰልፉ እንዳይበተንበት ሞተሩን አላጠፋም። መምሬ ጸለዩ፣ ግድግዳውን ረጩ፣ ቋቱን ረጩ፣ ወለሉን ረጩ፤ በመጨረሻ በገዛ ጠበላቸው ረጥበው በባዶ እግራቸው ቆሙ። ልየው ሊሳለም ከመቆሚያው ሳይወርድ ጎንበስ አለ። መምሬ የብረት መስቀላቸውን ወደ አፉ አስጠጉለት።

ጣ።

ልየው ከንፈሩን በሁለት እጁ ያዘ። አንዲት ሴት ሦስት ጊዜ አማተበች። አሁን ማንን ይክሰሱ? መስቀሉ ዓይን አለው ይበሉ? ካህኑን ከደጅ ያባርሩ?

መምሬ ይኄይስ መስቀሉን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። «እኔንም መታኝ» አሉ።

ይህን ቃል ሰልፉ ከዚህ በፊት ሰምቶታል። ያን ጊዜ ግን የተናገረችው ሸክላ ሠሪ ነበረች። ከሴቶቹ ብዙዎቹ አንገታቸውን ደፉ።

መምሬ የራሳቸውን ባዶ እግርና የልየውን ቦቲ አዩና፣ «ሞተሩን ተወው ይዙር። አንተ ግን ውረድ ልጄ፤ ቦቲህንም አውልቅ» አሉት። ወረደ። በባዶ እግሩ እርጥቡ ወለል ላይ ቆሞ ተሳለመ። ምንም የለም። ቦቲውን አጥልቀህ ተመለስ አሉት። መቆሚያው ላይ ወጥቶ እንደ ልማዱ ከቺንጋው አጠገብ ቆየ። ከዚያ የመስቀሉን ጫፍ ወደ ጣቱ አስጠጉት። ብልጭ አለ።

ልየው ወርዶ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። «አባ፣ እኔ ነኝ ማለት ነው?»

«አንጓች ነግራህ ነበር» አሉት።

ነገሩ ምትሃት አይደለም። ልጆች ማበጠሪያ በፀጉራቸው አሽተው ብጥስጣሽ ወረቀት ሲያነሱበት አይታችኋል። ሁለት ነገሮች ሲፋተጉ የኤሌክትሪክ ሙል፣ ቻርጅ የሚሉት፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ መውጫ ካላገኘ እዚያው ይከማቻል። የልየው ቺንጋ አዲስ ነበር፤ ወራቱም ደረቅ። ቺንጋው ከመዘውሩ ጋር ቀኑን ሙሉ ሲፋተግ፣ ያ ሙል አጠገቡ በቆመው ሰው ላይ ይጠራቀም ነበር። ወደ መሬት እንዳይወርድ የላስቲክ ቦቲውና ደረቁ ሳንቃ መንገዱን ዘግተውበታል።

ልብ በሉ። የተሸከመው ሰው አይሰማውም። አያቃጥለውም፣ አይከብደውም። ዱቄቱን እየጠረገ ይሠራል፤ ሰላም ያለ ይመስለዋል። መሬት የረገጠ ሰው እጁን ሲዘረጋለት ግን፣ የተጠራቀመው ሁሉ በዚያ ሰው በኩል ይወርዳል። ሲወርድ ሁለቱንም ይመታል። የተሸከመውም ሰው መታኝ ይላል።

እናንተስ ምን ላይ ነው የቆማችሁት?

ጠዋት አለቃችሁ በሰው ፊት ያዋርዳችኋል፤ ዝም ትላላችሁ። ታክሲ ላይ የማታውቁት ሰው ይገፈትራችኋል፤ ዝም ትላላችሁ። ወንድማችሁ በስልክ አንድ ቃል ይወረውራል፤ ምንም አይደል ትላላችሁ። ይህ ሁሉ ሲፈትጋችሁ ይውላል፣ እናንተ ደህና ነኝ እያላችሁ። ማታ ቤት ትገባላችሁ። በማን ላይ ይወርዳል? በአለቃችሁ ላይ ነው? የእሱ ጫማ ወፍራም ነው። የሚወርደው በሚስታችሁ ላይ ነው፤ አፍ አውጥታ በማትመልስላችሁ የቤት ሠራተኛ ላይ ነው፤ መድኃኒቴን አቀብሉኝ ባሉ እናታችሁ ላይ ነው። ወደ መሬት በቀረበው፣ ምንም ባልተጫማው ሰው ላይ ነው። ከዚያም ምን ትላላችሁ? አናደደችኝ። አስቆጣችኝ።

እኛ ሰልፍ ላይ የቆምነውስ? ቆንጠጥ ያደረገን፣ ያወቅነው፣ ግን የሳቅነው? ሰው በሐሰት ከደጅ ሲባረር ተራችን ደረሰ ብለን ወደ ፊት ፈቀቅ ያልነው?

ውረዱ ወገኖቼ። ስትሰግዱ ግንባራችሁ መሬት ይነካል፤ የተሸከማችሁትን እዚያ አራግፉት። በር ከመክፈታችሁ በፊት አራግፉት። ሰው ከመንካታችሁ በፊት አራግፉት።

ልየው በዚያው ዕለት ለተሰላፊዎቹ በድያታለሁ ብሎ ተናገረ። ከራሱ ጎተራ ገብስ አወጣ፤ ፈጨ፤ ተሸክሞ አንጓች ደጅ ሄደ። ይቅር በይኝ አላት። ይቅር አልሁህ አላለችውም። የተላጠ መዳፏን በቀሚሷ ሸፍና፣ «ድምፅህን ቀንስ፤ ልጄ ገና መተኛቷ ነው» አለችው። ግባም አላለችውም።

እናንተም የምትሄዱበት ደጅ አለ። ላይከፈትላችሁ ይችላል፤ ሂዱ። ልየው በሩ ሲዘጋበት ጎንበስ አለ፣ የላላውን የጆንያ አፍ ጠበቅ አድርጎ አሰረ፣ ዱቄቱን ግድግዳው ሥር ጥላ ላይ አስቀመጠው።