ሣር የሳበችው ልጅ

ተረት ተረት! «የላም በረት» ያላችሁ ጠጋ በሉ።

ወንዝ ዳር ከባሏና ከልጇ ጋር የምትኖር አንዲት ወፍ ነበረች። አንድ ቀን ሽማግሎች ልጇን ለጋብቻ ሊጠይቁ መጡ። ከመካከላቸው አንደበተኛው ቁራ ጉሮሮውን ጠራርጎ የሙሽራውን ዘር እስከ ሰባት ቤት ቆጠረ። አባትየው ስም በተጠራ ቁጥር ደረቱን እየነፋ ቆይቶ፣ «የጨዋ ዘር ነው፤ ሰጥቻለሁ!» አለ። እናት እንደ ደንቡ ከጓዳ ሆና ዝም አለች። እሷም የተዳረችው እንዲሁ ነበር።

ልጅት ግን ብቅ አለች።

«አባዬ፣ መጀመሪያ የሠራውን ጎጆ ልየው።»

«ሰባት አያቶቹን ሰምተሽ? ሌላ ምን ቀረሽ?»

«እንቁላሌን የምጥለው ጎጆው ውስጥ ነው ወይስ አያቶቹ ስም ላይ?»

ቁራውን ትን አለው። ልጅት በርራ ሙሽራው ጎጆ ደረሰች፤ አንዲት ሣር በመንቁሯ ይዛ ሳብ ብታደርግ፣ ጎጆው ተተርትሮ ወንዝ ገባ። «ደህና ሁን» ብላው ተመለሰች።

አባት «አዋረድሽኝ!» እያለ ጮኸ። እናት ግን «አበጀሽ የኔ ልጅ» አለች በሆዷ። ከዚያም ስንት ክረምት ዝናብ ሲያስገባባት ወደኖረው ወደ ባሏ ጎጆ ዞረችና አንዲት ሣር በመንቁሯ ያዘች።