ፊርማ የራበው ሰዓት

ጆሮ ስጡኝ፤ ጊዜያችሁን የማያስቆጭ ጨዋታ አለኝ። አውቶማቲክ ሰዓት እኮ ባትሪ የለውም፤ የሚሞላው በክንድ እንቅስቃሴ ነው። ከእጅ ሲወልቅ እንዳይቆም ደግሞ እያዞረ የሚሞላው ሳጥን አለ።

የፈቃድ ቢሮው ኃላፊ አቶ በሪሁን እንዲህ ያለ ሰዓት ነበራቸው። ታዲያ ሳጥኑ ውስጥ ይሠራል፣ ቀኝ እጃቸው ላይ ሲያስሩት ይቆማል። ቀደም ሲል የጠገነላቸውን ሰዓት ሠሪ አስጠሩና በባለጉዳዮች ፊት አፋጠጡት።

«ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ አንተ ስትጠግነው አበላሽተኸዋል፣ ወይ ጥፋቱ የእኔ ነው። በል፣ የማን ነው? ልብ አድርግ፣ የሱቅህ ፈቃድ እዚህ መሳቢያ ውስጥ ፊርማዬን እየጠበቀ ነው!»

ሰዓት ሠሪው ሰዓቱን ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠ።

«የማንም አይደለም ጌታዬ። ሰዓቱም ጤነኛ ነው፣ ክንድዎም ጤነኛ ነው፤ አብረው ሥራ አልሠሩም እንጂ። በቀን የሃያ ባለጉዳይ ወረቀት ቢፈርሙበት ሳጥን የሚባል አያስፈልገውም። ካላመኑኝ በእኔ ፈቃድ ይሞክሩት!»

ባለጉዳዩ ሁሉ «በእኔም ይሞክሩት! በእኔም!» እያለ ወረቀቱን ዘረጋ። አቶ በሪሁን ምን ያድርጉ? ብዕር አነሱ።

እናንተም ሰዓታችሁ ከቆመ፣ ሳጥን ከመግዛታችሁ በፊት እስቲ አንድ ቀን ሥራ ሠርታችሁ ሞክሩት።