ለቀለሙ ያዘነው ሾፌር

አንድ ሾፌር ነበረ፣ ወገኖቼ። መኪና የሚወድ ሾፌር። መኪና የሚወድ ሰው አይታችሁ ታውቁ ይሆናል፤ የዚህኛው ግን ለብቻው ነው። ስሙ አንጁሎ ይባላል። ቆላ ውስጥ ባለች አንዲት የቤተ ክርስቲያን ክሊኒክ በሽተኛ እያመላለሰ ይኖር ነበር።

ክሊኒኳ ብዙ ለምና፣ ብዙ ጸልያ አንዲት አዲስ ነጭ ላንድክሩዘር አገኘች። አንጁሎ ቁልፉን ሲረከብ እንባው መጣ። ከዚያ ወዲህ ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ። ጠዋት ያጥባታል፣ ማታ ይወለውላታል። የወንበሩን ላስቲክማ ማን ይንካበት! በሽተኛው በዚያ ሙቀት ላስቲክ ላይ ተቀምጦ ላቡ ይንቆረቆራል። "ጋሽ አንጁሎ፣ ኧረ እባክህ ይህን ነገር አንሳልን" ሲሉት፣ "ለእናንተው ብዬ ነው እኮ፣ ወንበሩ እንዳይቆሽሽባችሁ!" ይላል።

ትስቃላችሁ አይደል? ሳቁ፣ ሳቁ። እናንተ ቤት ያለው ሪሞትስ? ከተገዛበት ቀን ጀምሮ በላስቲክ እንደተጠቀለለ አይደለም ወይ? እኛ እኮ እንዲህ ነን። የምንወደውን ነገር ከመጠቀም ይልቅ መሸፈን ይቀናናል።

እንግዲህ ያ አገር ስልክ አይሠራበትም። ከክሊኒኳ ትንሽ ራቅ ካላችሁ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያኒቱ ፈቃድ አውጥታ በየጣቢያውና በየመኪናው የመገናኛ ሬዲዮ ልታስገባ ወሰነች። ዘካርያስ የሚባል ቴክኒሻን ከከተማ ተላከ። መጥቶ ሬዲዮውን ከዳሽቦርዱ ሥር አሰረ፣ ገመዱን ከባትሪው ሳበ። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነው። ከዚያ ረጅሙን አንቴና ይዞ ወደ ኮፋኖው ሄደና የብረት መፋቂያ አወጣ።

"ምን ልታደርግ ነው?" አለ አንጁሎ።

"ቀለሙን ልፍቅ ነዋ፣ ጋሼ።"

"የማንን ቀለም?"

"የመኪናዋን! የአንቴናው እግር ባዶውን ብረት መንካት አለበት። ብረት ከብረት ካልተገናኘ እርስዎ ሌላውን ይሰማሉ እንጂ እርስዎን የሚሰማ አይኖርም።"

አንጁሎ ፊቱን አዞረ። መፋቂያው ቅርር ባለ ቁጥር የገዛ ጥርሱን የሚነቅሉበት ያህል ይሰማው ነበር። ዘካርያስ አንቴናውን አቆመ፣ ብሎኖቹን አጠበቀ፣ ከዚያም ሩቅ ያለውን ሆስፒታል ጠራ። የሆስፒታሉን ሬዲዮ የምትይዘው ምሕረት ወዲያው መለሰች፤ "ጥርት ብሎ ይሰማል!" አለች። መኪናዋንም "ንስር" ብለው መጥሪያ ስም አወጡላት። ቴክኒሻኑም ዕቃውን ሰብስቦ፣ ተሰናብቶ ሄደ።

ሄደ። አንጁሎ ግን እንቅልፍ አጣ። በማግስቱ ኮፋኖውን ሲያጥብ ያቺ የተፋቀች ቦታ ከአንቴናው እግር ሥር ብቅ ብላ ታየችው። "ይህቺማ ትዝጋለች!" አለ። "ዛሬ ይህቺ ዛገች፣ ነገ ኮፋኖው አለቀ!" ምን አደረገ መሰላችሁ? ብሎኖቹን ፈታ። የተፋቀውን ቦታ በነጭ ቀለም መልሶ ቀባው። ሲደርቅ ከአሮጌ የጎማ ካላማዳሪ ቆርጦ ከአንቴናው እግር ሥር አነጠፈለት። ይህም አልበቃው፤ ብሎኖቹ ቀለሙን እንዳይጭሩት ለእያንዳንዳቸው ከዚያው ጎማ ቀለበት አበጀላቸው። መልሶ አሰረው። እንዴት እንዳማረ! ቴክኒሻኑ ከሠራው አሥር እጅ ይበልጣል!

ከዚያ ሬዲዮውን ከፈተ። ከሩቅ ጣቢያ ሰዎች ስለ ክትባት ሲያወሩ ሰማ። "ይኸው! ይሰማ የለም እንዴ! ቴክኒሻን ሲባል ነገር ማክበድ ይወዳል" ብሎ ዘጋው።

ልብ በሉ፣ ወገኖቼ። ሰማ። መስማቱ በቃው። ተናግሮ አልሞከረውም። የሚሰማ ሰው የሚሰሙትም ይመስለዋል።

ሰነባበተ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የክሊኒኳ ነርስ ሲስተር ጥሩወርቅ እየሮጠች መጣች። "ጋሽ አንጁሎ፣ መኪና አስነሣ! አስካለች ናት፤ ምጡ ጸንቶባታል። ልጁ ተጋድሟል፣ ያለ ኦፕራሲዮን አይወጣም!" አለች። ለአስካለች የመጀመሪያ ልጇ ነው። ከኋላ አስተኟት፣ ሲስተር አብራት ወጣች፣ ክሊኒኳም ለሆስፒታሉ "እየመጡ ነው፣ ተዘጋጁ" ብላ በሬዲዮ ነገረች።

መንገዱ ላይ ዝናብ ጥሎ ነበር። የቆላ ጥቁር አፈር ዝናብ ሲነካው ምን እንደሚሆን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። መኪናዋ ጭቃው ውስጥ ገባች። ወደ ፊት ቢላት፣ ወደ ኋላ ቢላት፣ ጭራሽ ሆዷ ድረስ ሰመጠች። ሰው የለም። መንደር የለም። አስካለች ከኋላ ታቃስታለች።

"ሬዲዮ አለን አይደል? ጥራቸው!" አለች ሲስተር።

ሳይጠራቸው ጠሩት። "ንስር፣ ንስር፣ ሆስፒታል ነኝ። የት ደረሳችሁ?" የምሕረት ድምፅ ነው፤ ጎረቤት ያለች ያህል ይሰማል።

"ሆስፒታል፣ ንስር ነኝ! ሰምጠናል! ሰው ላኩልን!"

"ንስር፣ ንስር፣ ይሰማል? የት ናችሁ?"

"ኧረ ሰምጠናል አልኩሽ እኮ! እናቲቱ አደጋ ላይ ናት!"

"ንስር፣ አይሰማም። እባካችሁ መልሱልኝ። ሐኪሞቹ እየጠበቁ ነው።"

ያሳብዳል እኮ! ትጠራዋለች፣ ይመልሳል፤ አትሰማም። ይጮሃል፣ ትለምነዋለች። አስካለች ከኋላ ሆና በደከመ ድምፅ፣ "ሴትየዋ እንዲህ እየተጣራች ለምን አትመልሱላትም?" አለች። ሲስተር ጥሩወርቅ የአስካለችን እጅ ይዛ ወደ አንጁሎ ዞረች። "ደም ጀመራት፣ ጋሽ አንጁሎ። አንድ ነገር አድርግ" አለችው።

"ያ ቴክኒሻን!" ብሎ ጮኸ አንጁሎ። "የልጅ ሥራ ሠርቶልን ሄደ! ብቻ እንዲህ የሠራውን..." ብሎ ሳይጨርሰው ክው አለ። ካላማዳሪው ትዝ አለው።

የብሎን መፍቻውን ይዞ ጭቃው ውስጥ ዘለለ፤ እስከ ጉልበቱ ገባ። አንቴናውን ፈታ። ጎማውን መንጭቆ ጣለው። ቀለሙን በምን ይፋቀው? መፋቂያ የለው። ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አነሣና ያንን የሚወለውለውን ኮፋኖ፣ ዝንብ እንኳ ሲያርፍበት የሚቆጣለትን ኮፋኖ፣ በድንጋይ ይፈገፍገው ጀመር! እጁ ደማ። ነጩ ቀለም እየተላጠ ረገፈ። ብረቱ ወጣ። አንቴናውን መልሶ አሰረና እየተንሸራተተ ገባ።

"ሆስፒታል፣ ሆስፒታል፣ ንስር ነኝ። ይሰማል?"

"ንስር! ተመስገን! ጥርት ብሎ ይሰማል! የት ናችሁ?"

ሲስተር ጥሩወርቅ እልል ልትል ምንም አልቀራትም። አንጁሎ ቦታውን ነገራት። ምሕረትም ከዚያ ብዙ በማይርቅ ቦታ መንገድ የሚሠሩ ሰዎችን በሬዲዮ አገኘች፤ በግሬደር ሊጎትቷቸው ተነሡ። እንግዲህ ነገሩ አለቀ፣ አይደል?

ምሕረት ግን እንዲህ አለች፦ "ጋሽ አንጁሎ፣ እስካሁን ያልተሰማችሁት በቴክኒሻኑ ጥፋት ነው። ሰው ሊገድል ነበር እኮ! ዛሬውኑ ለኃላፊዎቹ እናገራለሁ፤ ሁለተኛ እኛ ዘንድ አይሠራም።"

አያችሁ? ማምለጫው በራሱ እግር መጣለት። ማንም አላየውም። ሲስተር ከኋላ ከእናቲቱ ጋር ናት። ጎማው ጭቃ ውስጥ ነው። ዝም ቢል ማን ያውቅበታል? ደግሞ ያ ሬዲዮ እንደ ስልክ አይደለም፤ አንዱ ሲናገር ጣቢያው ሁሉ፣ ሾፌሩ ሁሉ ይሰማል። የሥራ ጓደኞቹ በሙሉ ጆሯቸውን ቀስረዋል።

አንጁሎ መነጋገሪያውን አነሣ። "የለም፣ ምሕረት። ልጁን አትንኩት። እሱ አሳምሮ ነው የሠራው፤ ነግሮኝም ነበር። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ለቀለሙ አዝኜ ጎማ አነጠፍኩበት። ጥፋቱ የእኔ ነው" አለ።

ከዚያ ከአንድ ሩቅ ጣቢያ የአንድ አንጋፋ ሾፌር ድምፅ መጣ፤ ጋሽ ዳምጠው የሚሉት ነው። ጉሮሮውን ጠራረገና፣ "ንስር... እ... እኔም ከመኪናዬ አንቴና ሥር ካርቶን ነገር ሸጉጬበት ነበር። አሁኑኑ ሄጄ ላወጣው ነው" አለ።

አስካለች ሆስፒታል ደረሰች። ኦፕራሲዮን ተደረገላት። እናትም ልጅም በሕይወት ወጡ፤ ስሙ ይባረክ!

እኔ ይህን ሰው አደንቀዋለሁ፣ ወገኖቼ። ከልቤ አደንቀዋለሁ! ቀለሙን ስለፋቀ አይደለም። ሴት ከኋላው እየደማች ቀለም የማይፍቅ ማን አለ? ጭንቅ ሲመጣ ሁላችንም እንፍቃለን። እኔ የማደንቀው መነጋገሪያውን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያነሣው ነው። ያኔ ማንም አላስገደደውም። ያኔ የሚያተርፈው ነገር አልነበረም። ስሙን፣ ያንን በስንት ዓመት ያካበተውን ስሙን፣ በገዛ እጁ ፋቀው። ሌላ ሰው በእሱ ጥፋት እንዳይወድቅ!

እናንተስ? ትሰማላችሁ። ስብከት ትሰማላችሁ፣ መዝሙር ትሰማላችሁ፣ ጥርት ብሎ ይሰማችኋል። "ደኅና ነኝ፣ እየሰማሁ ነው" ትላላችሁ። ጸሎታችሁስ? ከጣሪያው የማያልፈው ለምንድን ነው? ከሥሩ ምን አንጥፋችሁበት ነው? ክብራችሁን? "ሰው ምን ይለኛል"ን? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማችሁም?

ይህም ይቅር። አንድ ከባድ ነገር ልጠይቃችሁ። በእናንተ ጥፋት ዛሬም የሚወቀሰው ሰው ማን ነው? አለ እኮ! እናንተ ያጠፋችሁትን "እሷ ናት" ብላችሁ ከቤት ያስወጣችኋት ሠራተኛ አለች። በመሥሪያ ቤታችሁ በእናንተ ስህተት ከሥራ የተባረረ ሰው አለ። ቤተሰብ ሲሰበሰብ ስሙ በክፉ የሚነሣ ወንድም አለ፤ እናንተ እውነቱን ታውቃላችሁ፣ ዝም ብላችሁ ትበላላችሁ። ያ ሰው ምን አደረጋችሁ? ሌሊት እንዴት እንደሚያድር አስባችሁ ታውቃላችሁ? ስሙ እናንተ እጅ ነው ያለው። ከእናንተ በቀር ሊመልስለት የሚችል የለም።

"ከጉባኤው በኋላ አደርገዋለሁ" አትበሉኝ። ከጉባኤው በኋላ ልባችሁ ይቀዘቅዛል፤ አውቃችኋለሁ። ጸሎቱን አሁን አላሳርግም። ስልካችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ነው። ወደ ደጅ ውጡና ደውሉለት፤ እኔ እዚሁ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ።